ልጁን ያቆመው አናጢ

ርብ ወንዝ ክረምት በመጣ ቁጥር ሞልቶ በሚፈስበት በፎገራ ሜዳ፣ ከወረታ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ርቆ፣ ማረው የሚባል አናጢ ከሚስቱ ከአማከለችና ከአንድ ልጁ ከአበረ ጋር ይኖር ነበር። ማረው ሞፈርና ቀንበር ይጠርባል፣ የበር መቃን ይገጥማል፤ ስሙ የተነሣው ግን በመቋሚያ ነው። የአካባቢው ካህናት ማሕሌት ሲቆሙ የሚደገፉበትን መቋሚያ ከእሱ በቀር ማንንም አያሠሩም ነበር። የሰውየውን ቁመት በዓይኑ ለክቶ፣ የትኛው ትከሻው እንደሚዘነብል፣ የትኛው ጎኑ ቶሎ እንደሚደክም አይቶ ነው የሚጠርበው። የደከመ ሰውነት የት ላይ ድጋፍ እንደሚሻ እንደ ማረው የሚያውቅ አልነበረም። ምን ዋጋ አለው? የገዛ ቤቱ በየት በኩል እንደሚፈርስ ግን አላወቀም...

አማከለች አራት ወልዳ ሦስቱን ቀብራለች። የተረፈላት አበረ ብቻ ነው። ልጁ ወረታ እየተመላለሰ ስምንተኛ ክፍል ደርሶ ነበር። አባቱን እንደ ባልንጀራ «አንተ» እያለ ያጫውተዋል፤ ጎረቤት «አባትህን አንቱ አትልም?» ብሎ ሲቆጣው ማረው ራሱ ይስቅና «ተዉት፣ እኔና እሱ ጓደኞች ነን» ይል ነበር። ሦስቱ ከአንድ ገበታ ቀርበው ሲበሉ ላያቸው፣ የዚያን ቤት ሰላም አንድ ነገር ይነካዋል ብሎ ማን ያስባል?

በ1976 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና ምልመላ መጣ። አማከለች ወሬውን እንደ ሰማች ልጇን አንበሳሜ ወንድሟ ቤት ሰደደችው። ወንድሟ መሪጌታ ገብረ ሐና የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነው፤ ልጁን ከተማሪዎቹ ጋር ቀላቅሎ ደበቀው። ብዙም ሳይቆይ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ካሴ ማረውን ሥራው ላይ እንዳለ መጥቶ አነጋገረው።

«አያ ማረው፣ ልጁ በፈቃዱ ከመጣ ፊደል የቆጠረ ነውና ጽሕፈት ቤት ይመደባል። ከተሸሸገ ግን መሬትዎ ይወሰዳል። እሱም አንድ ቀን መያዙ አይቀርም፤ ያን ጊዜ የሚላከው ግንባር ነው።»

ማረው ክፉ ሰው ነበር? አልነበረም። ፈሪ ሰው ነበር። ሦስት ቀን አሰበ፤ እህል ከአፉ አልገባ አለ። ልጄ ጽሕፈት ቤት ቢቀመጥ፣ ሁለት ዓመቱን ጨርሶ ቢመጣ፣ እኛም መሬታችን ላይ ብንጠብቀው... እያለ ራሱን አሳመነ። ከካሴ ጋር ተነጋግሮ፣ ለሚስቱ ሳይነግር አንበሳሜ ወረደ። እውነቱን ቢናገር ልጁ እንደማይመጣ ያውቃል። ስለዚህ «እናትህ በጠና ታማለች። ስምህን እየጠራች ነው» አለው።

አበረ ጫማውን እንኳ በቅጡ ሳያስር ተከተለው። መንገዱን ሙሉ ስለ እናቱ ይጠይቃል፤ አባቱ አንገቱን ደፍቶ ይሄዳል። ወረታ ሁለት መንገዶች የሚገናኙበት ቦታ ሲደርሱ ካሴ ከታጣቂዎች ጋር ቆሞ ነበር። ከኋላቸው በወጣቶች የተሞላ መኪና ይጠብቃል። አበረ መኪናውን አየ፤ ወደ አባቱ ዞረ።

«አባዬ፣ እናቴ ታማለች አላልከኝም?»

ማረው መኪናው የጎንደርን መንገድ ይዞ እስኪሰወር ድረስ አንገቱን ቀና አላደረገም።

ቤቱ ሲደርስ አማከለች እንስራ ተሸክማ ከወንዝ እየተመለሰች ነበር። ነገራት። እንስራውን በቀስታ አወረደች። አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም። «በእኔ ሕመም ጠራኸው?» አለች። «እንግዲያስ ልጄ ሲመለስ እመለሳለሁ» ብላ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ አንበሳሜ ሄደች።

ሽማግሌ ቢላክ አልተመለሰችም። ማረው ብቻውን ሠራ፣ ብቻውን በላ። የተባለው የጽሕፈት ሥራም ውሸት ሆኖ ተገኘ፤ አበረ ከማሠልጠኛ በቀጥታ ወደ ሰሜን ግንባር ተላከ። በዚያው ዓመት፣ በነሐሴ፣ አማከለች ሆዷን ታማ ተኛች። የመሪጌታ መልእክተኛ የሞላውን ሜዳ በታንኳ አቋርጦ ማረው ዘንድ ሲደርስ አራት ቀን አልፎ ነበር። ማረው እስከ ደረቱ ውሃ ውስጥ እየገባ፣ ጭቃ እየዋጠው አንበሳሜ ደረሰ። የደረሰው በተቀበረች በሦስተኛው ቀን ነው። ያ የሐሰት ቃሉ እውነት ሆኖ ጠበቀው! ከዚህ የከፋ ቅጣት ከየት ይመጣል?

በ1978 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ አራት ሰዎች ቃሬዛ ተሸክመው ወደ ማረው ግቢ ገቡ። ቃሬዛው ላይ የተኛው አበረ ነው። የፈንጂ ፍንጣሪ የጀርባ አጥንቱን መትቶት፣ ከወገቡ በታች ሰውነቱ የእሱ አልነበረም። ፊቱ ከስቷል፣ ጉንጩ ገብቷል። ማረው ተንበርክኮ እጁን ሊስም ሲል ልጁ እጁን ሰበሰበ።

«እናቴስ?»

«ዐረፈች፣ ልጄ። ዓመት አልፏታል።»

አበረ ለረጅም ጊዜ አየው። «ያን ጊዜ ታማለች ብለው ጠሩኝ፤ የጠበቀኝ መኪና ነው። ዛሬ ደግሞ ሞታለች ይሉኛል። የእርስዎን ቃል እንዴት ብዬ ልመን?»

ታማለች ብለው... የእርስዎን ቃል... አንድም ቀን አንቱ ያላለው ልጅ እንደ ባዕድ አንቱ አለው! ለሌላ አባት ክብር የሆነው ቃል የማረውን ልብ እንደ ምሳር ሰነጠቀው።

አበረ የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አንበሳሜ ሄዶ እናቱ በሕይወት ካለች ማየት፣ ከሌለችም መቃብሯ ላይ መቆም። ነገር ግን እንኳን በቅሎ ላይ፣ መደብ ላይም መቀመጥ አይችልም። ጀርባውና ዳሌው በመኝታ ቁስል ተበልቶ ነበር። ከወረታ ክሊኒክ ደብረወርቅ የምትባል ነርስ መጥታ ቁስሉን አየች።

«አያ ማረው፣ ይሄን ልጅ የሚገድለው ፍንጣሪው አይደለም፤ ይሄ ቁስል ነው» አለችው። «በየሁለት ሰዓቱ ያገላብጡት። አጥንቱ ጠንካራ ነገር ላይ አይረፍ። እግሮቹንም በየቀኑ እያጠፉ ይዘርጉለት፣ አለዚያ እንደ እንጨት ይደርቃሉ። ትልቅ ሆስፒታል ውስጥ ለዚህ የሚሆን አልጋ አይቼ ነበር። እዚህ ግን ከየት ይመጣል?»

ማረው የአልጋውን ነገር ደጋግሞ ጠየቃት። ከዚያ ዋንዛ ቆረጠ። የልጁ ትከሻ፣ ዳሌና ተረከዝ የሚያርፉበት ቦታ ክፍት የሆነ የጠፍር አልጋ ሠራ። ለክፍቱ ቦታ ትራስ ያስፈልጋል፤ ጥጥ ሞከረ፣ ጠፍጥፎ ቀረ። የጤፍ ገለባ ሞከረ፣ ላብ ይዞ ሸተተ። በመጨረሻ የአካባቢው የገበሬ አምራቾች ማኅበር ሩዝ ፈትጎ ሜዳ ላይ የሚጥለውን ገለፈት በከረጢት ሞልቶ ልጁ ሥር አደረገው። ገለፈቱ እንደ ውሃ እየሸሸ ለአጥንቱ ቦታ ይለቅለታል፣ አይረጥብም፣ አይጠፈጠፍም። ከአልጋው በላይ አግዳሚ ሰቅሎ ልጁ በክንዱ እየተሳበ እንዲነሣ አደረገ። ቀን በቀን እግሮቹን እያጠፈ ይዘረጋለታል። ያን ሁሉ ሲያደርግ አበረ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። ሁለት ሰው አንድ ቤት ውስጥ፣ አንዱ የሌላውን ገላ እያጠበ፣ እንዲህ ብቸኛ ሊሆን ይችላል? ቀኑ የሚያልፈው «ወደ ግራ ላዙርህ?» «ያዙሩኝ» እየተባባሉ ብቻ ነበር።

ቁስሉ በስድስት ወር ሞላ። አንድ ማለዳ ማረው የጎድን አጥንት ሥር የሚደግፉ ሁለት ትልልቅ መቋሚያዎችን በአግዳሚ አያይዞ፣ የልጁን ጉልበት በቀርከሃና በቆዳ አስሮ አቆመው። አበረ ተንቀጠቀጠ፣ ላብ አጠመቀው። ግን ቆመ። በበሩ በኩል ሜዳውን፣ ከብቶቹን፣ ሩቅ የሚያብረቀርቀውን ውሃ በቁመቱ ልክ አየ።

«አሁንስ አንበሳሜ ያደርሱኛል?» አለ።

«አደርስሃለሁ።»

ማረው ለበቅሎ ኮርቻ የሚገጠም ወንበር ሠራ፤ ጀርባው ከፍ ያለ፣ ደረት ላይ የሚታሰር ጠፍር ያለው፣ የማይታዘዙት እግሮች እንዳይንጠለጠሉ ማሳረፊያ የተበጀለት። መቀመጫው ላይ የበግ አጎዛ አነጠፈ። የደብሩን አለቃ በቅሎ ለምኖ፣ ልጁ የቆመበትን መቆሚያ አጣጥፎ ጫነና፣ ክረምቱ አልፎ መንገዱ ሲደርቅ፣ በ1979 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ ተነሡ። እሱ በእግሩ እየሳበ፣ በየመንገዱ ልጁን እያወረደና እያሳረፈ፣ በሦስተኛው ቀን አንበሳሜ ገቡ።

መሪጌታ ገብረ ሐና አቅፎ ሳማቸውና ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ወሰዳቸው። ከአንድ ዋርካ ሥር ድንጋይ የተከመረበት መቃብር ነበር። ማረው ልጁን አውርዶ መቆሚያው ላይ አቆመው። አበረ ድንጋዩን አየ... አየ... ድምፅ ሳያሰማ እንባው ወረደ።

ያኔ መሪጌታ ጉሮሮውን ጠረገ። «የእናትህ አደራ አለብኝ። ልትሞት ስትል ‹ልጄ በመጣ ጊዜ፣ አባትህ ያን ቀን አልዋሸህም፤ እውነትም ታምሜ ነበር በልልኝ› ብላኛለች።»

አማከለች! ተቀይማው የሄደችው ሴት፣ በመጨረሻ እስትንፋሷ ኃጢአቱን ልትሸፍንለት ተነሣች! አበረ ወደ አባቱ ዞሮ ነበር፤ ከስንት ዓመት በኋላ በዓይኖቹ ውስጥ አንድ ነገር ለስልሷል። ማረው ዝም ቢል በቂ ነበር። ዝም ማለት ብቻ... ያን ለስላሳ ዓይን ለማግኘት ስንት ቀን ተመኝቷል? ዕድሜውን ሙሉስ ቢሆን አይሰጥበትም ነበር?

«መሪጌታ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለ። «ልጄ፣ እናትህ ያን ቀን ደህና ነበረች። ወንዝ ወርዳ ውሃ ቀድታ ነበር። የዋሸሁህ እኔ ነኝ። እሷ ይሄን ያለችው ለእኔ አዝና ነው።»

አበረ ግንባሩን መቆሚያው አግዳሚ ላይ አሳርፎ ቆየ። ማረው ፊቱን አዙሮ ፍርዱን ጠበቀ።

«አባዬ» አለ ልጁ በመጨረሻ። «ሦስት ቀን ሙሉ በእግርህ ነህ። ና፣ አጠገቤ ተቀመጥ።»

ማረው ከልጁ እግር ሥር ተቀምጦ፣ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ያላለቀሰውን ለቅሶ አለቀሰ። አበረ መደገፊያውን በአንድ እጁ እንደ ጨበጠ በሌላው የአባቱን ራስ ይዞ ቆመ።

ወደ ቤታቸው ተመልሰው ሰባት ወር አብረው ኖሩ። አበረ ስለ ጦርነቱ አወራው፤ ማረው ስለ ሦስቱ የሞቱ ልጆቹ አወራው። ይሄም በዛባቸው? ሐምሌ ላይ አበረን ትኩሳት ያዘው፣ ሽንቱ ደም ሆነ። ርብ ሞልቶ የወረታን መንገድ ውጦት ነበር። ደብረወርቅ በታንኳ መድኃኒት ይዛ ስትደርስ ልጁ ተዳክሟል።

«አባዬ፣ ወደ ቀኝ አዙረኝ። በሩ እንዲታየኝ» አለ።

ማረው አዞረው። አበረ ውሃ የሞላውን ሜዳ እያየ ከሰዓት በኋላ ዐረፈ።

ከዚያ በኋላ አናጢው ብዙ ጊዜ ሥራ መሀል ምሳሩን ያስቀምጥና፣ እጁን ታጥቦ፣ ልጁን ሊያገላብጥ ወደ ቤት ይገባ ነበር። ባዶው አልጋ ፊት ሲደርስ ነው የሚያስታውሰው።

በመስከረም መጨረሻ ውሃው ሲጎድል፣ ከወንዙ ማዶ ጥሩብርሃን የምትባል ባል የሞተባት ሴት መጣች። የእሷም ልጅ ከግንባር በቃሬዛ ተመልሶላታል። ደብረወርቅ ናት የላከቻት። ማረው አልጋውን ፈታታ፤ እንጨቱን በሸክም፣ ገለፈቱን በከረጢት ይዞ ተከትሏት ሄደ። እዚያ ገጣጥሞ፣ ልጇን አስተኝቶ፣ እንዴት እንደሚገላበጥ እጇን ይዞ አሳያት። ሴትየዋ በተስፋ ዓይን አየችው።

«አያ ማረው፣ በዚህ አልጋ የእርስዎ ልጅ ዳነልዎ?»

ምን ልትሰማ እንደምትፈልግ ያውቅ ነበር።

«አልዳነም፣ እቴ። ሞቷል» አላት። «ቁስሉ ግን ድኖለት ነበር። በእግሩም ቆሞ የእናቱን መቃብር አይቷል።»

ሴትየዋ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ከዚያ እጅጌዋን ሰበሰበችና «እስቲ እንደገና ያሳዩኝ፣ በየት በኩል ነው የምይዘው?» አለችው።

ይህ ነው የማረው ዕጣ ፈንታ። አንዲት ቃል ተናግሮ ቤቱን አፈረሰ፤ አንዲት ቃል ተናግሮ ልጁን ለሰባት ወር አገኘ። ፈጣሪ ለምን እንዲህ አድርጎ እንደ ሰፈረለት ማን ያውቃል? ማረው ግን አልጠየቀም። የሴትየዋን እጅ ከልጇ ትከሻ ሥር አስገብቶ፣ ሌላውን ከዳሌው በታች አደረገና «በቀስታ፣ አሁን ወደ አንቺ ሳቢው» አላት።