የዘሊካ ቢላዎች

ዘሊካ ሙስዐብን መጀመሪያ ያየችው የአባቷን ቢላዎች ይዛ ሄዳ ነው። የከሚሴ ገበያ ደርቶ፣ የአባቷ የሙሳ ሥጋ ቤትም በሰው ተጨናንቆ ነበር። ሙሳ መውጣት ስላልቻለ ማረጃውን፣ መግፈፊያውንና መበለቻውን በጨርቅ ጠቅልሎ ሰጣት።

«ከባቲ አዲስ ቢላ ሞራጅ መጥቷል አሉ። ወስደሽ ስጪው» አላት።

ሞራጁ በመስጊዱ አጥር ጥግ ተቀምጦ የብስክሌት ፔዳል ይረግጣል፤ ከፊቱ ክብ ድንጋይ ይሽከረከራል። ከጨፋ ሮቢት የመጡ ገበሬዎች ማጭዳቸውን ይዘው ከበውታል። ተራዋ ሲደርስ ማረጃውን ተቀብሎ ስለቱን በአውራ ጣቱ ጥፍር ላይ አስኬደው።

«አካም ጅርታ እህቴ? ይሄ ማረጃ ነው አይደል?»

«በምን አወቅህ?»

«ጫፉ አልተነካም፤ ሥራ የበዛበት ሆዱ ነው። ማረጃ ይሄ የሚዞረው ድንጋይ ብቻ አይበቃውም፤ በለስላሳ ድንጋይ በውሃ ይጨረሳል። ከብቱ እንዳይሰቃይ ስለቱ ፀጉር መላጨት አለበት። በዲናችን ታዟል።»

ትንሽ ድንጋይ አውጥቶ ውሃ ጠብ አደረገበትና ቢላውን በቀስታ ይገፋው ጀመር። ዘሊካ እጁን ታያለች። ድንገት ቀና ሲል ዐይናቸው ተጋጠመ።

ከዚያ ወዲያ ቢላዎቹን የምታመላልሰው እሷ ሆነች። እሱም እየሣለ ያስተምራት ነበር።

«አትጫኚው። ጀርባውን ትንሽ ብቻ አንሺው፤ ከሥሩ ሁለት ሳንቲም ተደራርቦ እንዲገባ ያህል። ከዚያ ቢላው ራሱ ይነግርሻል።»

አንድ የገበያ ቀን መበለቻውን አገላብጦ አየና ሳቁን ዋጠ።

«ዘሊካ፣ ይሄን አጥንት አይደለም ያዶለዶመው። ድንጋይ ላይ ጎትተሽዋል።»

ፊቷ እሳት ሆነ። «ሥራህን ሥራ!» አለችው።

«እሠራለሁ። ግን ቢላው ምን በደለሽ? መምጣት ከፈለግሽ ባዶ እጅሽንም ነይ።»

ይህን ሲል ድምፁ ተለወጠ። እሷም ቢላው እስኪሳል ሳትጠብቅ ወደ ሥጋ ቤቱ ሮጠች።

ረመዳን እንዳለፈ ሙስዐብ ሽማግሌ ላከ። ሙሳ እንግዶቹን በክብር ተቀበላቸው። «የማን ልጅ ነው?» ብሎ ሲጠይቅ ግን አንደኛው ሽማግሌ እውነቱን ነገሩት።

«አባቱ ባቲ አጠገብ ብረት ቀጥቃጭ ነው። ሶላቱን የማያዛንፍ ሰው ነው።»

የሙሳ ፊት ጠቆረ። «ቢላዬን ይሳልልኝ፣ አላህ ይስጠው። ልጄን ግን ለቀጥቃጭ ዘር አልሰጥም። ወንድሜ ዑመር ምን ይለኛል? አገሩስ ምን ይለኛል?»

ዘሊካ ከመጋረጃው ጀርባ ቆማ ሁሉንም ሰማች።

በማግስቱ ሙስዐብ ዕቃውን በኮምቦልቻ በኩል ወደ ባቲ በሚሄድ አይሱዙ ላይ ሲጭን ደረሰችበት።

«ትሄዳለህ?»

«አባትሽን አልተቀየምኩም፣ ወላሂ። ግን በየሳምንቱ ቢላውን ስዬ አንቺን ከሩቅ እያየሁ መኖር አልችልም።»

«እጠብቅሃለሁ።»

«እንዲህ አትበዪ። ዕድሜሽን አስሬ መሄድ አልፈልግም።» ለስላሳውን ድንጋይ ከኪሱ አውጥቶ መዳፏ ላይ አኖረው። «ሌላ ሞራጅ እስኪመጣ ይሁንሽ።»

ሌላ ሞራጅ አልመጣም። በአጥሩ ጥግ ሽንኩርት ሻጭ ተቀመጠችበት፤ ዘሊካ በዚያ ባለፈች ቁጥር ግን የምትሰማው የድንጋዩን ድምፅ ነበር። መናኸሪያው ላይ የሚኒባስ ረዳት «ባቲ! ባቲ!» ብሎ ሲጮህ መሐል መንገድ ላይ ትቆምና ባጃጅ ጡሩንባ ይነፋባታል። አግብቶ ይሆን? ማንን ትጠይቅ? አባቷ ለሌላ ሰው የምታስሞርዳቸው እየመሰለው ቢላዎቹን ራሷ መሣል ጀመረች። መጀመሪያ ጣቷን ቆረጠች፤ ደግማ ቆረጠች፤ ቀስ በቀስ እጇ ለመደ። የጨርቅ ነጋዴ ልጅ ሽማግሌ ላከባት፤ እንቢ አለች። ሌላም መጣ፤ እንቢ አለች።

ዓመቱ ዞሮ አረፋ ደረሰ። ሙሳ የሰፈሩን በሬ ሲያርድ ከብቱ ብዙም ሳይንፈራገጥ ጸጥ አለ።

«አልሐምዱሊላህ! ምን ዓይነት ስለት ነው?» አሉ ጎረቤቶቹ።

ሙሳ እጁን ሲታጠብ ዘሊካ ውሃ ታፈስስለት ነበር። «ቢላዎቹን ማን ነው የሚስላቸው?» አላት።

«እኔ ነኝ፣ አባ። ዓመት ሆነኝ።»

«አንቺ?»

«በእኔ ስለት ቢስሚላህ እያልክ አርደሃል፤ ሰፈሩም በልቷል። ብረት መንካት ሰውን ዝቅ የሚያደርግ ከሆነ እኔም ዝቅ ብያለሁ። ነቢዩላህ ዳውድስ ብረት በእጃቸው ይሠሩ አልነበር?»

ሙሳ ጣቶቿን ያዘ። ጠባሳዎቹን አንድ በአንድ አየና ወደ ቤት ገባ። ለብዙ ቀን ቢላውን ባነሣ ቁጥር ጣቶቿን ያይ ነበር። አንድ እሑድ «ነገ ባቲ ገበያ እንሄዳለን» አላት።

«ምን ልንገዛ?»

«የምንገዛው የለም።»

ባቲ ግመሉና ፍየሉ መንገዱን ሞልቶታል። ሙስዐብ የአንድ አፋር አርብቶ አደር ጩቤ ላይ አጎንብሷል። ከስቷል። ጥላ ሲያርፍበት ቀና አለና ፔዳሉን መርገጥ ተወ።

«አሰላሙ ዐለይኩም» አለ ሙሳ። «ሽማግሌዎችህን አሳፍሬ መልሼ ነበር። ዛሬ ራሴ ሽማግሌ ሆኜ መጣሁ። ካላገባህ... ሐሳብህም ካልተለወጠ...»

ሙስዐብ የሚያየው ዘሊካን ነበር። «ጣትሽን ምን ነካው?»

«የሚስልልኝ አጣሁ።»

ዐይኑን ከጣቷ ማንሣት አቃተው። ኋላም ተነሥቶ የሙሳን ትከሻ ሳመ።

«አባባ፣ አላገባሁም። ሐሳቤም ያው ነው። ግን መጀመሪያ አባቴ ቤት ይግቡ። እሱን ካልናቁልኝ እኔ ሌላ የምለው የለም።»

ሙሳ ጋቢውን በትከሻው ላይ አስተካከለ።

«መንገዱን አሳየኝ» አለ።

ኋላ በኒካው ቀን አጎቷ ዑመር አኩርፎ ይቀራል፤ ከዘመድም አብረውት የሚቀሩ ይኖራሉ። ያ ግን ገና ነው። ያን ቀን ሙሳ አቅጣጫውን ጠይቆ ከፊት ከፊት ሄደ፤ ሁለቱ ከኋላ ተከተሉ። ዘሊካ ዓመት ሙሉ እነግረዋለሁ ብላ ያሰበችው ሁሉ ጠፋባት።

«ቤታችሁ ሩቅ ነው?» አለችው።

«አይ፣ ቅርብ ነው። ያ ጭስ የሚታይበት ነው።»

«እንግዲያስ ቀስ ብለን እንሂድ።»