የእትዬ ስመኝ ቬስፓ መሪ

ሙት ይመለሳል፣ ጥላ ይከተላል የሚል ሰው ስሰማ ሆዴን ይዤ ነው የምስቀው፣ እንዳትሳሳት ወዳጄ። ቢቸና ጋራዥ ከከፈትኩ ጀምሮ «ሞተሬን ቡዳ በላብኝ» እያለ የሚመጣው ብዙ ነው፣ ከፍተህ ስታየው ዘይት ቀይሮ የማያውቅ ሰነፍ ነው።

እትዬ ስመኝ ያቺን አሮጌ ቬስፓ ከሞጣ አስጭነው ሲመጡ ግን የባሰ ጉድ ሰማሁ። ባላቸው በሷ ግንደወይን ገበያ ብለው ወጡ፣ ቬስፓዋ መንገድ ዳር ቆማ ተገኘች፣ ሰውየው የውሃ ሽታ ሆኑ።

«ከዚያ ወዲህ መሪዋ በራሱ ይዞራል» አሉኝ። «የሞጣ መካኒኮች ኩሽኔታው አልቋል ይላሉ። አንተ አዲስ ግጠምልኝ። ከዚያም ከዞረ፣ እሱ ነው።»

«አይዞርም እትዬ፣ እርስዎም ያርፋሉ» አልኩ፣ በሆዴ እየሳቅሁ።

ፈታሁት። በመሪው አንገት ውስጥ ያሉት የኩሽኔታው ብዮች ተበልተው የሚቀመጡበትን ቀለበት አሰርጉደውታል፣ መሪው ጉድጓዱን ፈልጎ ቢዞር ታዲያ ምን ይገርማል? የሞጣዎቹ ማለቁንስ አወቁ፣ መቀየሩን ማን አስተምሯቸው! እኔ ብዮቹን ጥዬ ሾጣጣ ሮለር ያለውን ጠንካራውን ኩሽኔታ ገጠምኩ፣ ግራሶ ሞላሁ፣ ዳዶውን በልኩ አጠበቅሁ። ከሥሯ ሳጥን አስገብቼ የፊት ጎማዋን ከመሬት አነሣሁና መሪውን በአንድ ጣት ብነካው ቅቤ ሆኗል።

እጄን ልታጠብ ዞር ስል ስስስ የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ መሪው በቀስታ ወደ ግራ፣ ወደ አጥሩ ዞረ። ወለሉ አዘንብሎ ነው ብዬ ቬስፓዋን ፊቷን አዙሬ አቆምኳት፣ አሁን ደግሞ ወደ ቀኝ ዞረ፣ ወደዚያው አጥር! እመነኝ፣ ሳህን ውሃ ሞልቼ ወለሉን ለካሁት፣ ደልዳላ ነው።

ይኼኔ እትዬ ስመኝ ገቡ።

«ወዴት ዞረ?»

«ገና አልጨረስኩም» አልኩ በቁጣ።

እሳቸው ዓይናቸውን ከመሪው አልነቀሉም። እንደገና ተንቀሳቀሰ፣ ከአጥሩ ውጭ የሚራመድ ሰው የሚከተል ይመስል ቀስ እያለ ሄዶ በሩ ትይዩ ሲደርስ ቆመ። ውጭ ኮቴ የለም፣ ውሻ እንኳ አልጮኸም።

«ክፈትለት» አሉኝ።

«ይተዉ እንጂ እትዬ፣ እርስዎን የመሰለ ትልቅ ሰው!»

ራሳቸው ሄደው ከፈቱት። ማንም የለም። እሳቸው ግን እንግዳ እንደሚያሳልፍ ሰው ፈቀቅ አሉና «ና ግባ፣ ምነው ቆየህ?» አሉ፣ ድምፃቸው ሳይንቀጠቀጥ።

መሪው ስስስ እያለ ወደ ውስጥ ዞረ፣ ወደ እኔ አቅጣጫ ሲደርስ የክንዴ ፀጉር ቆመ፣ አልፎኝ ወደ ኋላዬ ጥቂት ሄደና ቆመ። ከዚያ ወዲያ ቢነኩትም ቢተዉትም እንደ ማንኛውም ጤነኛ መሪ ሆነ።

«እግዜር ይስጥልኝ ልጄ» ብለው ቬስፓቸውን አስጭነው ሄዱ፣ ፊታቸው ፈክቶ ነበር።

ሰንበት ብሎ ደወሉልኝ። ሥራዬን ሊያመሰግኑ መስሎኝ ነበር።

«መሪዋ ደህና ነው፣ አይዞርም» አሉ፣ ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እሱ ግን አብሮኝ አልመጣም። አንተ ዘንድ ነው?»

ስልኩን ዘጋሁባቸው፣ የማይረባ ወሬ! ብቻ እንዳትስቅብኝ ወዳጄ፣ ከዚያ ወዲህ ጀርባዬን ለግድግዳ ሰጥቼ ነው የምሠራው።