የብረት አነፍናፊው ሞት

ሰኞ ማለዳ፣ ከሶዶ ከተማ ዳር፣ ከኦቶና ሰፈር ማዶ ባለው የገበሬው ጦና የእንሰት ማሳ ውስጥ፣ ጡረተኛው ወታደር እሸቴ በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። ማጅራቱን በዶማ ተመትቷል። የጆሮ ማዳመጫው ጆሮው ላይ ነው፤ እጁ የፈንጂ መፈለጊያውን እጀታ እንደያዘ ደርቋል። ዶማው የጦና ነበር።

እሸቴ ከጦር ሠራዊት ሲሰናበት በጨረታ በገዛው በዚያ መሣሪያ የገበሬውን ማሳ እያሰሰ የድሮ ጦርና አምባር ያወጣ ነበር። ድሮ በሩቁ ሲያየው ፊቱን ያዞርበት የነበረ የሶዶ ሰው፣ በዚያ በ1955 ዓ.ም. ወንበር ይለቅለት ጀመር። የለቀቀለት ሁሉ ግን በሆዱ አልለቀቀለትም።

ከመኮንኖች ትምህርት ቤት በቅርቡ የመጣው የፖሊስ መቶ አለቃ ጦናን አሳስሮ ነገሩን ጨረሰው።

«ዶማው የሱ፣ ማሳው የሱ። ስድስት ሰዓት ላይ ወህኒ ይወርዳል።»

አሥር አለቃ አንጁሎ ከአራተኛ ክፍል ስላላለፈ አሥራ ዘጠኝ ዓመት በአንድ ማዕረግ ቆሟል። ጠመንጃ አያያዝ ያስተማራቸው ልጆች ዛሬ አለቃ ሆነው ከሱ ሰላምታ ይጠብቃሉ።

«እስከ ስድስት ሰዓት ይስጡኝ፣ ጌታዬ» አለ።

«አንተ ደግሞ ምን ልታገኝ ነው? እሺ፣ ሞክር።»

አንጁሎ የሟቹን ኪስ ፈተሸ። ከአዲስ አበባ የተላከ ፖስታ አገኘ፤ በምላጭ የተከፈተ፣ ውስጡ ባዶ። ቀጥሎ የመሣሪያውን የባትሪ ሳጥን ከፈተና መልሶ ዘጋው።

ጦና ከነገመዱ ተቀምጧል።

«ትቀናበት ነበር አሉ።»

«ከኔ መሬት አውጥቶ የሱ ስም ብቻ ሲነሳ፣ አዎ፣ ቀናሁ! የቀና ሁሉ ከገደለ ግን፣ አሥር አለቃ፣ ሶዶ ላይ ማን ይተርፋል?»

የእሸቴ ቆፋሪ ባዳቾ እሁድ በዴሳ ከተማ ለቅሶ ላይ ውሎ አድሯል፤ አብረውት የሄዱ ሰዎችም መሰከሩለት።

«የሚቆፍር እኔ፣ የሚመሰገን እሱ» አለ ባዳቾ። «ሲሞት ደግሞ የምጠየቅ እኔ!»

«ፖስታው መቼ መጣ?»

«ቅዳሜ። እሱም እኔም ፊደል አንቆጥር፣ እንደታሸገ ይዞት አደረ። ሙዚየም ነው የጻፈልኝ እያለ እንደ ሙሽራ ሲንጎራደድ ነበር።»

የጦና ሚስት አሳየሽ አራት ትልልቅ የባትሪ ድንጋዮች በቅርጫት አመጣች።

«እሸቴ የመሣሪያዬ ድንጋዮች ደክመዋል ብሎ ቅዳሜ ማታ ሰጠኝ። ሲደክሙ ሁልጊዜ እኔ ነኝ ፀሐይ የማሞቃቸው። እሁድ ቀኑን ሙሉ ቆርቆሮ ላይ አስጥቼ፣ ሲመሽ አስገባኋቸው።»

«ሌላ የለውም?»

«ከየት ያመጣል? የወታደር ናቸው፣ ሱቅ አይገኙም።»

የመጨረሻው ምስክር ከመንገዱ ማዶ የሚኖረው መምህር ሶርሳ ነበር። በከተማው የድሮ ዕቃ አዋቂ እሱ ነው ይባል ነበር፣ እሸቴ እስኪመጣ።

«እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ፣ ስምንት ሰዓት ላይ፣ አየሁት» አለ መምህሩ። «ማዳመጫውን አድርጎ ይሠራል። መሣሪያው እንደ ፌንጣ ሲንጫጫ እስከ መንገዱ ይሰማል። ጦና ዶማውን ይዞ ከኋላው ቆሟል።»

«ከዚያ በፊት ሲሠራ ቀርበው አይተውታል?»

«እኔ? ያንን ብረት ለቃሚ? ተማሪዎቼንም ከልክያለሁ።»

ስድስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው አንጁሎ ሁሉንም ጦና ግቢ ውስጥ ሰበሰባቸው። የመቶ አለቃው ሰዓቱን ያያል። አንጁሎ አራቱን ድንጋዮች ሳጥኑ ውስጥ ከተተና ማዳመጫውን ለባዳቾ አደረገለት። መሣሪያውን ከዶማው በላይ አሳለፈው።

«ኧረ ጆሮዬን!» አለ ባዳቾ።

«ሌሎቻችሁስ ሰማችሁ?»

ማንም አልሰማም።

«የሚጮኸው ማዳመጫው ውስጥ ነው» አለ አንጁሎ። «መምህር ግን ከመንገድ ሰማሁ አሉ። ያውም እሁድ፣ ድንጋዮቹ የአሳየሽ ቆርቆሮ ላይ ሲሞቁ። ሬሳው አጠገብ ሳጥኑን ስከፍት ባዶ ነበር። እሸቴ ያን ቀን አልሠራም፤ መሣሪያውን የያዘው ከትከሻው ስለማይለየው ብቻ ነው። ሲሠራ የተመታ እንዲመስል ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ያደረገው ገዳዩ ነው። ጦናም ባዳቾም ድንጋዮቹ የት እንደሚውሉ ያውቃሉ፣ እንዲህ አይሳሳቱም። የተሳሳተው ከቅናቱ የተነሳ አንድ ቀን እንኳ ቀርቦ ያላየው ሰው ነው።»

«ጆሮዬ አታሎኝ ይሆናል» አለ ሶርሳ። «ለዚህ ሰው ይከሰሳል?»

«ፖስታውስ? ቅዳሜ የታሸገው ሰኞ ተከፍቶ ተገኘ። ማንበብ የማይችል ሰው ደብዳቤውን ይዞ ወደ ማን ይሄዳል? ኮትዎን ይስጡኝ፣ መምህር።»

ሶርሳ ኮቱን አላወለቀም። እጁን ወደ ደረት ኪሱ ሰደደና የሙዚየሙን ደብዳቤ ራሱ አወጣ።

የመቶ አለቃው ሰዓቱን ማየት ተወ። አንጁሎ ጎንበስ ብሎ የጦናን ገመድ ፈታ፤ አሳየሽ ባሏ እግር ሥር ተቀመጠች።

«አሥራ አንድ ዓመት ለሙዚየሙ ሰዎች ጻፍኩላቸው» አለ ሶርሳ ወደ ማንም ሳያይ። «ከነሥዕሉ፣ ከነመለኪያው። አንድ ቀን እንኳ መልስ አልሰጡኝም። ይሄ ግን ለማመልከቻ ጸሐፊ ከፍሎ አንድ ገጽ አስጻፈ፣ ጻፉለት። ማሳው ዳር ተቀምጦ አንብብልኝ አለኝ።»

«አነበቡለት?»

«አነበብኩለት። ‹ለተከበሩ አቶ እሸቴ› የምትለዋን ድገምልኝ አለ። ደገምኩለት። አሁንም ድገምልኝ ሲል… ዶማው አጠገቤ ነበር።»