ሙቀት ወደ ላይ ይወጣል

ስቪለንን ያገኘሁት በቃሪያ ጭስ ውስጥ ነው።

መስከረም ሲመጣ በእኛ ሰፈር ሁሉም ሰው ለብርዱ ወራት ቀይ ቃሪያ ጠብሶ፣ ልጦ፣ በጠርሙስ ያሽጋል። ድሮ እያንዳንዱ ቤት በየሰገነቱ በኤሌክትሪክ ነበር የሚጠብሰው። የመብራት ዋጋ ሰማይ ከነካ ወዲህ ግን ጓሮው ውስጥ አንድ የጋራ እሳት ይነድዳል፤ እንጨት ይዋጣል፣ ተራ ይጠበቃል። የሕንፃችን ወሬ በሙሉ የሚበስለውም እዚያው እሳት ዳር ነው።

ጭሱ ዓይኔን እያስለቀሰኝ ሳገላብጥ፣ ከኋላዬ አንድ ድምፅ «እህት፣ ያቺ ጥግ ላይ ያለችው አረረች» አለኝ።

«የራስህን አትጠብቅም?»

«የራሴማ የለኝም። እናቴ ተራ ያዝ ብላ ነው የላከችኝ።»

«ያለ ቃሪያ?»

«ተራው ይገኝ እንጂ ቃሪያ አይጠፋም።»

ዞር ብዬ አየሁት። ረጅም ነው፤ ጎማ ቤት ስለሚሠራ ጣቶቹ ጠቁረዋል። ዓይኖቹን ግን ምን ልበላችሁ፣ እንዲህ ያሉ ዓይኖች ለወንድ ባይሰጡ ጥሩ ነበር። ከእኛ በላይ ያለውን ቤት በዚያው ሰሞን ከእናቱና ከአያቱ ጋር ተከራይቶ ገብቷል። ስሜን ጠየቀኝ፤ ቦያና አልኩት። እጁን በሱሪው ጠርጎ አጠገቤ ተቀመጠና የእኛን ቃሪያ ሲልጥ አመሸ። ብዙም አላወራንም። አንዷን ቃሪያ ልናነሳ ስንል ጣቶቻችን ይነካካሉ፤ ሳቃችን ይመጣል።

እናቴ የተሞሉትን ጠርሙሶች እያየች «የላይኞቹ ልጅ ጎበዝ ነው» አለች። ጎበዝስ ነበር።

ጥቅምት ላይ ቤታችን ስብሰባ ተቀመጠ። ስብሰባ ማለት አባቴ ትሪፎን፣ እናቴና እኔ ወጥ ቤት ውስጥ ነን። ሥጋ ወደ እሑድ ብቻ ከተሻገረ ቆይቷል። እናቴ ጸጉሯን የምትቀባው ራሷ ናት፣ ልብስ የሚታጠበው መብራት በሚረክስበት ሰዓት ነው፣ ዳቦ የሚገዛው የትናንቱ ነው፣ የሻይ ቅጠል እስኪገረጣ ድረስ ይፈላል። ሳይነካ የቀረ ነገር ቢኖር ማሞቂያው ነበር።

አባቴ «ዘንድሮ እንዝጋው» አለ። «እንደ ሰው ሁሉ ወጥ ቤት እንግባ። ትንሿን የእንጨት ምድጃ አቆማለሁ፣ ሦስታችንም እዚሁ እንተኛለን። እኔ አንኮራፋለሁ፣ እናንተ ትሰድቡኛላችሁ፣ ብርዱ በዚሁ ያልፋል።»

«እኔ ግድግዳ ጥግ ነኝ፤ ከአሁኑ ተናግሬያለሁ» አለች እናቴ።

እዚህ ሩሴ ከተማ ውስጥ ያሉት አሮጌ ሕንፃዎች ወለላቸው ስስ ነው። ሙቀት ደግሞ ወደ ላይ ይወጣል። ይህን በእኛ ደረጃ የሚወጣ የሚወርድ ሕፃን ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ ብርድ ሲቃረብ ጎረቤት ጎረቤቱን ያያል፤ ማን ቀድሞ ይዘጋ ይሆን እየተባለ። የራሱን የዘጋ ሰው ከበታቹ ያለው ሰው ባነደደው ይሞቃል። በእኛ መወጣጫ ያን ጊዜ ያልዘጋን እኛ ብቻ ነበርን።

በማግስቱ ስቪለን ደረጃ ላይ አገኘኝ።

«አባትሽ ሊዘጋ ነው አሉ?»

«ማን ነገረህ?»

«ሕንፃው በሙሉ እያወራው!» አለና አቀረቀረ። «ቦያና፣ አያቴ ሳንባዋን ታማለች። እኛ ማሞቂያ መክፈል አንችልም፤ አባቴ ከውጭ መላኩን ካቆመ ቆየ። ወለላችንን የሚያሞቀው ከእናንተ የሚመጣው ነው። እናንተ ከዘጋችሁ…»

አልጨረሰውም። እጄን ያዘኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ እጄን የያዘኝ ያን ቀን ነው፤ ዛሬ ሳስበው ደሜ ይፈላል፣ ያን ጊዜ ግን እጄን አልነጠቅኩትም።

ወደ ቤት ገብቼ ለአባቴ አንድም ሳልደብቅ ነገርኩት። «አባዬ፣ ስቪለንን እወደዋለሁ። አያቱ ደግሞ ታማለች። አንዝጋው።»

አባቴ መልስ ሳይሰጠኝ ቀናት አለፉ። አንድ ቀን ምሳ እየበላን ሳለ ከጣራው በላይ ሳል ተሰማ። ሳሉ ረጅም ነው፤ አልቋል ስትሉት እንደገና ይነሳል። አባቴ ማንኪያውን አስቀመጠ።

«አሮጊቷ ናቸው?»

«እማማ ኔዳ ናቸው» አልኩት።

ቆቡን ደፍቶ ወጣ። ዳኑብ ወንዝ ላይ በገዛ እጁ የሠራት ትንሽ ጀልባ ነበረችው። ከሥራ ሌላ የሚያውቀው ነገር እሷን ብቻ ነው፤ እሑድ እሑድ ይሄድና ዓሣ ያዘም አልያዘም ፊቱ በርቶ ይመለሳል። ያን ቀን ሸጣት። «ዓሣውም ሰልችቶኝ ነበር» አለን። እናቴ ፊቷን ወደ ምድጃው አዞረች። ማሞቂያው አልተዘጋም።

ያን ብርድ እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ውጭ በረዶ ይጥላል፣ እኔ ክፍል ውስጥ ግን ስቪለን አለ። ከሥራ ሲወጣ ይመጣል፣ ጀርባውን ማሞቂያው ላይ ደግፎ ወለሉ ላይ ይቀመጣል፣ እኔ ከምሠራበት ሸሚዝ ፋብሪካ ላመጣኋቸው ሸሚዞች ቁልፍ እሰፋለሁ። ቀና ስል ዓይኑ እኔ ላይ ነው። «ምን ታያለህ?» ስለው «ምንም» ይላል፤ ያ «ምንም» ብዙ ነገር ነበር።

እኔ ዶሮ ባገኘሁ ቁጥር ለእማማ ኔዳ ሾርባ እሠራለሁ። ስቪለን ድስቱን ይዞ ይወጣል፣ አጥቦ ይመልሳል። «አያቴ እጇ ይባረክ ብላለች» ይለኛል። ወጥቼ ልያቸው ስለው «ሐኪሙ ሰው እንዳይጠጋት ብሏል፤ ጉንፋን ካገኛት አለቀላት» ይለኛል። እሺ እላለሁ። አልጋዬ ላይ ሆኜ ያ ሳል ሲሰማኝ ጣራውን እያየሁ «አይዞዎት እማማ» እል ነበር። ቂል ሰው ስትፈልጉ እኔን አስታውሱ።

«ከፋሲካ በኋላ ለአባትሽ ሽማግሌ እልካለሁ» አለኝ አንድ ምሽት።

«ሽማግሌ ከየት ታመጣለህ?»

«አያቴን ነዋ! እስከዚያ ትድናለች።»

አቅፌው አለቀስኩ፤ ከደስታ።

መጋቢትን እኛ አሮጊት ናት እንላለን፤ ስትስቅ ፀሐይ ነው፣ ስትቆጣ በረዶ ነው። የገባች ዕለት ሰው ሁሉ ለሚወደው ቀይና ነጭ ክር ገምዶ ይሰጣል፤ ጤና ያምጣልህ ተብሎ እጅ ላይ ይታሰራል። እኔም ለእማማ ኔዳ ገመድኩ። ለታመመ ሰው የጤና ክር በሰው እጅ አይላክም ብዬ፣ ስቪለን ሥራ ላይ ሳለ ራሴ ወጣሁ። በር ላይ ቆሜ አስሬላቸው ልመለስ ነው ሐሳቤ።

በሩን የከፈተልኝ በካናቴራ ያለ ጎልማሳ ነው። ደረጃ ላይ ብዙ ጊዜ ሰላም ብሎኛል፤ መጨረሻው ፎቅ ላይ የሚኖር ይመስለኝ ነበር።

«እማማ ኔዳን ፈልጌ ነበር።»

«የትኛዋን እማማ?»

«የስቪለንን አያት። የታመሙትን።»

«አሃ፣ አሮጊቷን! እሳቸውማ ገና በጥቅምት ገጠር ሴት ልጃቸው ጋ ገቡ አሉ። ክፍላቸውን እኔ ነኝ የተከራየሁት።» ይህን ብሎ ሳል ጀመረው። ያን ሳል አውቀዋለሁ። ብርዱን ሙሉ አይዞዎት ስለው የከረምኩት ሳል ነው። «ይቅርታ፣ የሲጋራ ነው» አለኝ ደረቱን እየመታ። «ግቢ እንጂ የኔ ልጅ! ቤቱ እሳት ነው። እትዬ ጸቬታ ማሞቂያው ከኪራዩ ጋር ነው ስትለኝ ቀልድ መስሎኝ ነበር። ከታች ያሉት ሰዎች ይባረኩ፤ ጌቶች መሆን አለባቸው።»

«ጌቶች አይደሉም» አልኩት።

ጸቬታ የስቪለን እናት ናት። ያን ጊዜ አንቱ እላት ነበር፤ አሁን አልልም።

ክሩን በእጄ እንደጨበጥኩ ጎማ ቤት ሄድኩ። ስቪለን መኪና ሥር ተንበርክኮ ብሎን ይፈታል። ሲያየኝ ፊቱ በራ፤ የሚያሳዝነው ይኼ ነው፣ እውነት በራ።

«አያትህ እንዴት አደሩ?»

«ደህና ናት። ትናንት ሾርባውን እንዳለ ነው የጠጣችው።»

«ማን ነው የጠጣው ስቪለን? አንተ ነህ ወይስ ተከራያችሁ?»

የያዘው መፍቻ መሬት ላይ ወደቀ። አላነሳውም።

«ልነግርሽ ነበር።»

«መቼ? ከፋሲካ በኋላ?»

«ስነግርሽማ እውነት አያቴ እዚህ ነበረች፤ ታማም ነበር። ከዚያ አክስቴ ወሰደቻት። እናቴ ደግሞ ክፍሉ ባዶውን ከሚቀመጥ አለች። ለአባትሽ ልነግረው ስል ጀልባዋን ሸጦ መጣ። ከዚያ በኋላ እንዴት ብዬ ልናገር?»

«በአፍህ!» ጮህኩ። የሥራ ጓደኞቹ ዞር አሉ፤ ይዙሩ። «አባቴ እሑድ እሑድ መስኮት ላይ ቆሞ ወንዙን ነው የሚያየው። አንተ እዚያው አጠገቡ ተቀምጠህ ሻይ ትጠጣለህ!»

እጁን በሱሪው ጠረገ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ እንዳትዋሸኝ። መጀመሪያ እጄን የያዝከው ለእኔ ብለህ ነው ለሙቀቱ?»

የተበሳ ጎማ ቀስ እያለ ሲተነፍስ ይሰማኛል። «እናቴ ናት…» አለና አቆመ። «መጀመሪያ ለሙቀቱ ነው። እናቴ አነጋግራት፣ ልጅቷ ዓይኗ አንተ ላይ ነው አለችኝ። ኋላ ግን ለአንቺ ነው ቦያና። እግዚአብሔርን፣ ኋላ ለአንቺ ነው።»

«የኋላውን በምን ልወቀው?» አልኩት። ትቼው ወጣሁ።

ለእናቴና ለአባቴ ወጥ ቤት ነገርኳቸው። እናቴ ጠረጴዛውን በመዳፏ መታችው። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ! እኔስ ያቺ ሴትዮ ደረጃ ላይ ስታገኘኝ ትከሻዬን እየሳመች ምን ሆና ነው እል ነበር። ሕንፃው ሁሉ አውቆ እኛ ብቻ!» ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።

አባቴ የሻይ ብርጭቆውን ወደ ጎን ገፋ አደረገ። ከዚያ «እንኳን አሮጊቷ ደህና ሆኑ» አለ። ይሄው ነው ያለው። ስለ ጀልባዋ አንድ ቃል ቢወጣው፣ ቢሰድበኝ፣ ቢማታ ይሻለኝ ነበር። ጭኑ ላይ ተደፍቼ አነባሁ፤ እሱም እንደ ልጅነቴ ጸጉሬን ዳሰሰኝ።

«አሁን ልዝጋው?» አልኩት።

«አንቺው ታውቂያለሽ።»

በየክፍሉ እየዞርኩ ዘጋሁት። መጀመሪያ የእኔን ክፍል፣ ስቪለን ጀርባውን የሚደግፍበትን። ብረቱ ሲበርድ ተንቋቋ። ምድጃዋን አቆምን፣ ፍራሾቹን ወጥ ቤት አነጠፍን፣ እናቴ ግድግዳ ጥግ ያዘች። አባቴ ቃሉን ጠብቆ አንኮራፋ።

አትፍረዱብኝ፤ ስዘጋው ንዴት ብቻ አልነበረም። ልቤ ውስጥ አንዲት ተስፋ ተሸጉጣ ነበር። የሚመጣው ለሙቀት ከሆነ ይቀራል፤ ለእኔ ከሆነ ግን ካፖርቱን ለብሶ በዚያ በበረደ ክፍል መጥቶ አጠገቤ ይቀመጣል። የኋላውን የማውቅበት መንገድ አገኘሁ አልኩ። ይቅርታ የማላደርግለት መስሎት ይሆናል፤ እኔ ግን በሩን ቢያንኳኳ ልከፍትለት ቆርጬ ነበር። ሰው ማመን ቀብሮ ነው ይላሉ፤ እኔ ግን ቀብሬ እንኳ አፈሩን በጣቴ እጭር ነበር።

መጋቢት ተቆጣች። በረዶው እንደገና ወረደ። ደረጃው ላይ ኮቴ በሰማሁ ቁጥር ጸጉሬን አስተካክላለሁ። ኮቴው ያልፋል። ከሥራ ስመለስ ጎማ ቤቱን በሩቅ አየዋለሁ፤ አልገባም፤ ተራው የእሱ ነው።

ሳምንቱ ሊያልቅ ሲል በራችን ተንኳኳ። ከፍራሽ ላይ እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም። እናቴ አየችኝና ዓይኗን ወደ ሽንኩርቷ መለሰች። በሩን ከፈትኩት።

ጸቬታ ናት። ካፖርት ላይ ሻርፕ ደርባለች፣ በእጇ ገና ከምድጃ የወጣ ባኒጻ፣ የአይብ ጥቅል ቂጣ፣ በሳህን ይዛለች፤ የአይቡ ሽታ ደረጃውን ሞልቶታል።

«ቦያናዬ፣ የኔ ቆንጆ፣ እንደምን አላችሁ?» አለችኝ ምንም እንዳልተፈጠረ። «ማሞቂያችሁ ተበላሸ እንዴ? ወለላችን በረዶ ሆነ እኮ! ተከራዬም ጥሎኝ ሊወጣ ነው። የሚጠግን ሰው አውቃለሁ፤ ልጥራላችሁ?»

«አልተበላሸም። ዘግተነው ነው።»

«ውይ! ደህና የሚሠራ ማሞቂያ እንዴት ይዘጋል? ገና ብርድ አለ እኮ ልጄ።» ሳህኑን ወደ እኔ ገፋ አደረገች።

አልተቀበልኳትም። ልጠይቃት አልፈለግኩም፤ አፌ ግን ቀደመኝ። «ስቪለንስ?»

«ስቪለንማ ገጠር ነው፤ አክስቱ ጋ። እዚያ ትልቅ የእንጨት ምድጃ አላቸው፣ ቤቱ ይሞቃል» አለችኝ ከብርዱ ትከሻዋን ሰብሰብ እያደረገች። «ምን ያድርግ ልጄ፣ እዚህ ብርዱን አልቻለውም። ሲሞቅ ይመለሳል።»

ፊቷን አየሁት። ውሸት አልነበረበትም። ከዚያ ቤት የሰማሁት የመጀመሪያው እውነት ይኼ ነበር።

ከኋላዬ አባቴ «ማነው?» አለ።

«ማንም አይደለም አባዬ» አልኩትና፣ ብርድ እንዳይገባ በሩን ዘጋሁት።