ከውኃ የወጣው ድንጋይ

በዚያ ሳምንት ኢንስፔክተር ያለምወርቅ ዘጠኝ አስከሬን አይታ ነበር፤ የአንዱንም ገዳይ እንድትፈልግ ግን ማንም አላዘዛትም። አሥረኛው ከሱሉልታ በላይ፣ ተራራው ላይ ካለው ግድብ ዳር ተገኘ ተባለ። ስትሰማ ምንም አልተሰማትም። ደብተሯን ይዛ ሄደች።

ሟቹ ዲሪርሳ የሚባል መምህር ነው። የማስተር ፕላኑ ተቃውሞ መንገዱን ከዘጋ ወዲህ ቤት መዋል የሰለቻቸው አራት ሰዎች፣ እሱ፣ እህቱ ሄመን፣ አብሮ አደጉ ሚልኬሳና ባለመኪናው ነጋዴ ሙአዊያ፣ ዓሣ ሊያጠምዱና ነፋስ ሊቀበሉ ነበር የወጡት። ዲሪርሳ ውኃው ጠርዝ ላይ በግንባሩ ተደፍቷል፤ ማጅራቱ ተሰብሯል። አጠገቡ አንድ ትልቅ ድንጋይ ወድቋል።

ሚልኬሳ፣ አብሮት ሲያጠምድ የነበረው፣ ተቃዋሚዎች ከበላያችን ካለው ገደል አናት ድንጋይ ለቀቁብን አለ። ቀድመው የደረሱት ወታደሮችም ገደሉ ላይ ልምምድ ሲሠሩ ያገኟቸውን ሁለት ሯጮች አስረው ነገሩን ዘግተውታል።

ሄመን አላለቀሰችም። እሷና ሙአዊያ ማዶ፣ መኪናው ዘንድ፣ ሥጋ ሲጠብሱ እንዳልተለያዩ ነገረቻት። ነፋሱ ግን የዲሪርሳን ድምፅ አምጥቶላት ነበር፤ የታላቅ ወንድማቸውን የዳዲን ስም በቁጣ ሲጠራ ሰምታለች። ዳዲ በተቃውሞው ሰበብ ከታሰረ ሁለት ሳምንቱ ነው።

ያለምወርቅ ድንጋዩን አገላብጣ አየችው። ገደሉ ላይ ወጥታ ተመለሰች። ከዚያ ሁሉንም ሰበሰበች፤ ሯጮቹንም እጃቸው እንደታሰረ አስመጣች።

«ሚልኬሳ፣ ውኃውን ነክተህ ነበር?»

«አልነካሁም። ፖሊስ እስኪመጣ ብዬ እሱንም አልነካሁት።»

«የገደሉ ድንጋይ ሁሉ ደረቅ ነው፤ አቧራ ለብሷል» አለች። «የዚህኛው አንድ ጎን አረንጓዴ ነው፤ ያሙለጨልጫል። ያውና፣ ውኃው ውስጥ ከዳር አንድ ክንድ ገባ ብሎ የተነቀለበት ጉድጓድ ይታያል። ከውኃ የወጣ ድንጋይ ከገደል አይወርድም። ሯጮቹ ገደሉ ላይ ነበሩ፣ እነሄመን ማዶ። የአንተ ሹራብ ቀኝ እጅጌ ግን እስከ ክርንህ ርሷል።»

ሚልኬሳ እጅጌውን አየ።

«የዳዲን ስም የሰጠሁት እኔ ነኝ» አለ። «ወታደሮች ሲደበድቡኝ ሰጠሁ። ዲሪርሳ ደረሰበት፤ ለሽማግሌዎቹ እናገራለሁ አለኝ። ከዚያ ወዲያ የት አገር እኖራለሁ?»

ሄመን ቀና ብላ አላየችውም። «ኦቦሌሳ ኬኛ ቱርቴ» አለች፤ ወንድማችን ነበርክ።

ያለምወርቅ ቃሉን ጽፋ አስፈረመችው። የሯጮቹን እጅ ራሷ ፈታችና መሄድ ትችላላችሁ አለቻቸው። ቤታቸው ሩቅ ነው፤ ፀሐይዋም አዘቅዝቃለች። ጎን ለጎን ሆነው፣ እጃቸው ከሩቅ እንዲታይ ዘርግተው፣ ቀስ ብለው ቁልቁል ወረዱ። አንዳቸውም አልሮጠም። በዚያ ሳምንት የሚሮጥ ሰው ይተኮስበት ነበር።