ብስክሌት በትከሻ

መምህርት ለጢፋ ቲጃኒ በአንድ ወር ውስጥ ለሦስተኛ ጊዜ አርፍዳ ስትደርስ፣ ርእሰ መምህሩ ጋሽ ጎሳዬ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመው ይጠብቋት ነበር። አልተቆጡም። ይህ ደግሞ ከቁጣው ይበልጥ አስፈራት።

«እስከ መጋቢት መጨረሻ እታገሥሻለሁ» አሉ። «ከዚያ በኋላ ግን ለአውራጃው መጻፌ አይቀርም። ሩቅ ይመድቡሻል፤ እዚያው ቤት ተከራይተሽ ትኖሪያለሽ።»

ዘመኑ 1974 ዓ.ም. ነበር። ትምህርት ቤቱ ከጅማ በደዶ መንገድ አሥራ አራት ኪሎ ሜትር ይርቃል። ከገበያ ቀን በቀር መኪና አይገኝም፤ ሲገኝም ሰውና ፍየል ተደራርቦበት ነው። ጋሽ ጎሳዬ ያላወቁት አንድ ነገር ነበር። ልብስ ሰፊው ሐጂ ቲጃኒ ያላገባች ልጃቸውን ለብቻዋ ሩቅ አገር አይሰዱም። ሥራውን አስትተው ይድሯታል። ከአንድም ሁለቴ ሽማግሌ የላከ የቡና ነጋዴ እንደነበረም ለጢፋ ታውቃለች።

በዚያን ቀን ከሥራ ስትመለስ ወደ ጊንጆ ጉዱሩ፣ ወደ ቤቷ፣ አልታጠፈችም። ወደ አወቱ መንደራ ወርዳ የብስክሌት ጠጋኙ ጅብሪል ሱቅ በር ላይ ቆመች። ጅብሪልን በስም ታውቀዋለች። ከተማው ውስጥ ብስክሌት ከሚጋልቡት ሁሉ ፈጣኑ እሱ ነው ይባላል።

«ብስክሌት ትሸጣለህ?»

«ለማን ነው?»

«ለእኔ።»

ይስቃል ብላ ጠብቃ ነበር፤ አልሳቀም። እጁን በጨርቅ እየጠረገ ጫማዋን አየ። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚቷ ደርሷል።

«የት የት ትሄጂበታለሽ?»

«በደዶ መንገድ አሥራ አራት ኪሎ ሜትር። በየቀኑ፣ ደርሶ መልስ።»

«ሲዘንብም?»

«ዝናብ ትምህርት አይዘጋም።»

ጅብሪል ትንሽ አሰበ። «እንግዲያው ከመደብር የሚገዛው አይሆንሽም። ለአስፋልት የተሠራ ነው፤ ዋጋውም አይቀመስም። አንድ ሳምንት ስጪኝ።»

ከሁለት የተሰባበሩ ብስክሌቶች አንድ ሠራላት። ቴላዮው፣ የብረት አጽሙ፣ ከአሮጌ የውድድር ብስክሌት የመጣ ነው፤ ቀላልና ጠንካራ ነበር። ጎማዎቹ ጥርሳም ናቸው፤ ጭቃ ይነክሳሉ። ቀለሙ ሦስት ቦታ ተልጧል። የጠየቃት ዋጋ ከወር ደሞዟ አልዘለለም።

«ውበት የለውም» አለ እንደ ማፈር ብሎ።

«ካደረሰኝ ቆንጆ ነው» አለች።

ብስክሌት መንዳት የለመደችው በአራት ቀን ነው፤ ጉልበቷ ሁለቴ ቆስሏል። የከበደው ሌላው ነገር ነበር። ጅብሪል ወንዙ ዳር ወዳለው ረግረግ ወሰዳትና ጭቃው ጎማውን ሲውጠው ምን እንደሚደረግ አሳያት።

«አትታገዪው። ጉልበትሽን ይበላዋል እንጂ አያሳልፍሽም። ትወርጃለሽ፣ ትከሻሽ ላይ ታነሺዋለሽ፣ ትሮጫለሽ። ደረቅ መሬት ስታገኚ እንደገና ትወጫለሽ።»

አነሳችው። ብረቱ አንገቷን ወጋት። ሊያስተካክልላት እጁን ዘረጋና አንገቷ አጠገብ ሲደርስ ቆመ። ከዚያ ጅብሪል እጁን ሰብስቦ በጣቱ ብቻ አመለከታት።

«እዚህ ጋ... ትንሽ ወደ ኋላ።»

ያን ቀን ቤቷ እስክትደርስ ያልነካት እጅ አንገቷ ላይ ይሰማት ነበር።

አባቷ ብስክሌቱን ግቢ ውስጥ ሲያዩ ሁለት ቀን አላናገሯትም። በሦስተኛው ቀን «የኔ ልጅ በዚህ ላይ አትወጣም» አሉ።

«አባ፣ ካልወጣሁበት ሥራዬን አጣለሁ።»

«ብታጪ ይሻላል።»

«አስተምረው ለዚህ ያደረሱኝ እርስዎ ነዎት። እርስዎ ያስተማሩኝን እንዴት ልጣ?»

ሐጂ ቲጃኒ ተነሥተው ወጡ። በነጋታው ግን የስፌት መኪናቸው እስኪመሽ ሲጮህ ዋለ። በማግስቱ ጠዋት ለጢፋ ብስክሌቷ ላይ የተጣጠፈ ሰፊ ሱሪ አገኘች፤ በቀሚስ ሥር የሚለበስ፣ ቁርጭምጭሚቱ ላይ በቁልፍ የሚዘጋ። እናቷ መድና «ለሥራ ብቻ ነው ብለዋል» አለቻት በሹክሹክታ።

ከዚያ ወዲያ ለጢፋ አላረፈደችም። ጅብሪል የብስክሌቷን ካቴና የሚያየው በየሳምንቱ ነበር። ካቴናው በየሳምንቱ መታየት እንደማያስፈልገው ሁለቱም ያውቃሉ፤ አንዳቸውም ግን አላነሡትም።

ለሚያዝያ ሃያ ሦስት፣ ለወዛደሮች ቀን፣ የብስክሌት ውድድር ተጠራ። ዋናው መንገድ ለሰልፍ ስለተያዘ ውድድሩ በደዶ መንገድ ወጥቶ፣ በእርሻና በቡና መሀል ባለው የእግር መንገድ ዞሮ ይመለሳል። ቀድመው የሚገቡት ስድስት ሰዎች ለከፋ ክፍለ ሀገር ቡድን ተመርጠው አዲስ አበባ ለሚደረገው ውድድር ይሄዳሉ። ተወዳዳሪው ከየአውራጃው ስለሚመጣ፣ ጅብሪል ባለፉት ሁለት ዓመታት ሰባተኛ ወጥቷል።

ለጢፋ ልትመዘገብ ስትሄድ መዝጋቢው ቀና ብሎ እንኳ ሳያያት «የሴቶች ውድድር የለም» አላት።

«እንግዲያው ባለው እገባለሁ።»

«ከወንዶች ጋር?»

«መንገዱን በየቀኑ እመላለስበታለሁ። እነሱ በዓመት አንዴ ነው የሚያዩት።»

መዝጋቢው የሚከለክል ደንብ ፈልጎ አጣ፤ ጻፋት።

የውድድሩ ዋዜማ ዝናብ ሲወርድ አደረ። ጠዋት ብዙዎቹ በቀጭን ጎማ መጥተው ገና አምስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ተዘፈቁ። ለጢፋ አልተዘፈቀችም። ጭቃው ሲበዛ ወርዳ ተሸክማ ሮጠች፤ ሲደርቅ ወጣች። ወረደች፣ ወጣች። አፏ ውስጥ የአፈር ጣዕም ነበር። አንድ በአንድ አለፈቻቸው።

ከአንድ ጅረት ማዶ፣ ዳገት ሥር ጅብሪልን ተንበርክኮ አገኘችው። ካቴናው ተበጥሷል፤ የኋላ ጎማውም ተጣሟል። ፍጥነቷን ቀነሰች።

«ጅብሪል።»

«እንዳትቆሚ» አለ። «ከፊትሽ አምስት ሰው ብቻ ነው ያለው። ሂጂ።»

ዓይን ለዓይን ተያዩ። መቆም ፈልጋ ነበር። ግን ብስክሌቷን ትከሻዋ ላይ አነሳችና ዳገቱን በሩጫ ተያያዘችው፤ ወደ ኋላም አልዞረችም።

ስድስተኛ ሆና ገባች። ከሕዝቡ መሀል ሴቶቹ እልል አሉ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ጅብሪል የተሰበረ ብስክሌቱን ተሸክሞ በእግሩ መጣ። በሰው መሀል ለረጅም ጊዜ አያት፤ ከዚያ አንገቱን ደፍቶ ሄደ።

በነጋታው ሱቁ ተዘግቶ አገኘችው። በሦስተኛውም ቀን፣ በአምስተኛውም። ወሬው ግን ተከፍቶ ነበር፦ «ብስክሌት የሠራላትን ሰው ጭቃ ላይ ጥላው ሄደች። ቦታውንም የወሰደችው እሷ ናት።»

ቤትም ቀላል አልነበረም። «ለሥራ ብለሽ ፈቀድኩ» አሉ አባቷ። «ይሄ ሥራ አይደለም።»

«ያሳፈርኩዎት ነገር አለ፣ አባ?»

ሐጂ ቲጃኒ ወደ ስፌታቸው ተመለሱ። የአዲስ አበባውን ነገር ማንም አላነሣም።

በስምንተኛው ቀን፣ እሑድ ጠዋት፣ ለጢፋ ከጅብሪል ሱቅ ጎን ሻይ ወደምትሸጠው እትዬ ፋንቱ ሄደች።

«አጋሮ ነው፤ አጎቱ ዘንድ» አለች እትዬ ፋንቱ። «በማግስቱ ልመለስ ብሎኝ ነበር የሄደው። ድልድዩ በጎርፍ ተሰብሮ መኪና ከቆመ ግን ይኸው ሳምንቱ።»

«ተቀይሞ ነው የሄደው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ ልጄ። እሱን ጠይቂው።»

ለጢፋ ቤት ተመልሳ አባቷ የሰፉላትን ሱሪ ለበሰች። እናቷ ምንም አልጠየቀቻትም፤ በሩን ስትከፍትላት ብቻ «አባትሽ ከዐስር ሰላት ሲመለሱ ቤት ሁኚ» አለቻት።

ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ሄደች የተሰበረው ድልድይ ደረሰች። መኪኖች በሜዳው ዞረው እንዲያልፉ አዲስ በተቀደደው መንገድ ላይ አንድ የቡና ጭነት መኪና እስከ ጎማው ወገብ ሰምጧል። ሰዎች እየገፉት ነበር። ከሚገፉት አንዱ ነጭ ሸሚዙ የጭቃ መልክ ይዟል። ብስክሌቷን ሲያይ መግፋቱን ተወ።

«ምን ልታደርጊ መጣሽ?»

«ልጠይቅህ። ተቀይመኸኛል?»

«በምን?»

«ትቼህ ስለሄድኩ።»

«ሂጂ ያልኩሽ እኔ አይደለሁም?» አለ ጅብሪል። «የምቀየመው ብትቆሚ ኖሮ ነበር። እኔ የደከምኩበት ብስክሌት ነው የገባው።»

«ታዲያ ለምን ጠፋህ?»

ዓይኑ ወደ መንገዱ ዳር ሸሸ፤ ለጢፋም ተከትላ አየች። ሦስት ሽማግሌዎች ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ነጭ ቆባቸው ንጹሕ ነው፤ ጋቢያቸውን እንዳይቆሽሽ ጭናቸው ላይ አጣጥፈው ይዘዋል። እንዲህ ለብሶ ጭነት መኪና ላይ የሚወጣ ሽማግሌ ለምን እንደሚሄድ ለማንም አይጠፋም። ከጭቃው ሥር ፊቷ ጋለ።

«ሳልጠይቅሽ አባትሽን ላስጠይቅ መነሣቴ ልክ አልነበረም» አለ ቀስ ብሎ።

«አሁን ጠይቀኝ።»

ጅብሪል እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። «ታገቢኛለሽ?»

«ውድድር የምትሄድ ሚስት ትችላለህ?»

«ካልቻልኩ ማን ይችላል፣ ለጢፋ?»

ለጢፋ የብስክሌቷን መሪ በሁለት እጇ ያዘች።

«እሺ» አለች።

ከሽማግሌዎቹ ትልቁ፣ የጅብሪል አጎት አባ መጫ፣ በበትራቸው ተደግፈው ተነሡ። «ጅብሪል፣ እሷ ናት?»

«እሷ ናት፣ አጎቴ።»

«ማሻ አላህ።» ከእግር እስከ ራሷ አዩአት፤ ጺማቸው ሥር ፈገግታ ነበር። «ኢንታላ ኮ፣ የኔ ልጅ፣ እኛ እኮ ወደ ቤትሽ ነው የምንሄደው። ሽማግሌ ደርሶ ልጅቷ አጋሮ መንገድ ላይ ነበረች ከተባለ አባትሽ ምን ይሉናል?»

«መቼ ትደርሳላችሁ?»

አባ መጫ መኪናውን አዩ። «ይሄ ከወጣ፣ ኢንሻ አላህ፣ ዐስር ሰላት ላይ።»

«እኔ ቀድሜ እደርሳለሁ» አለችና ብስክሌቷን አዞረች።

ብዙ ሳትርቅ ሞተሩ ከኋላዋ ሲያጓራ ሰማች፤ መኪናው ወጥቷል። ደረቁ መንገድ ላይ እየቀረባት መጣ። መንገዱ ኮረብታውን በሚዞርበት ቦታ ለጢፋ ወረደች። ብስክሌቷን ተሸክማ በቡናው መሀል በሚያቋርጠው ቀጭን የእግር መንገድ ሽቅብ ሮጠች። እሾህ ቀሚሷን ቀደደው። ሁለት ጊዜ ተንሸራታ ሁለት ጊዜ ተነሣች። አናቱ ላይ ስትደርስ መኪናው ከታች ገና እየዞረ ነበር። ከዚያ ወዲያ ቁልቁለት ነው።

ቤት ስትገባ እናቷ የሞቀ ውኃ አዘጋጅታ ጠበቀቻት። ታጠበች፤ ንጹሕ ቀሚስ ለብሳ ሻሿን አሰረች። ሐጂ ቲጃኒ ከመስጊድ ተመልሰው ገና ጫማቸውን ሲያወልቁ፣ ከበር ውጭ የጭነት መኪና ቆመ። «አሰላሙ ዐለይኩም» የሚል የሽማግሌ ድምፅ ተሰማ።

ሐጂ ቲጃኒ በመስኮቱ አዩ። ከመኪናው የሚወርዱትን ሦስት ሽማግሌዎች፣ ከኋላቸው የቆመውን ሸሚዙ በጭቃ የተለወሰ ወጣት፣ ከዚያም ግድግዳው ላይ የተደገፈውን፣ ውኃ የሚያንጠባጥበውን ብስክሌት። በመጨረሻ ልጃቸውን ተመለከቱ።

«ከጆሮሽ ሥር ጭቃ ቀርቷል» አሉ። «ጥረጊው።»

ለጢፋ በእጇ ጠረገችው።

ሐጂ ቲጃኒ ጫማቸውን መልሰው አጠለቁና በሩ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ፊታቸውን አላዞሩም።

«የአዲስ አበባው ውድድር መቼ ነው?»

«ሰኔ ላይ ነው፣ አባ።»

«እንግዲያው ኒካሑ ከዚያ በኋላ ይሁን እላቸዋለሁ» አሉና እንግዶቹን ሊቀበሉ ወጡ።