ከመሃል የጠፋው ድምፅ

«እንዴ! እኔ የት ሄድኩ?» አለች የስንጥር እናት፣ እግሯን ሶፋው ላይ እንደሰቀለች።

የድሮ ካሴት ከፍተው እያዳመጡ ነው። አባት ዓይኑን ጨፍኖ ጭንቅላቱን ይወዘውዛል። ስንጥር ጋሼ የምትለው የእናቷ ወንድም ባዶ ብርጭቆውን እንደያዘ ኮርኒሱን ያያል። ስንጥር ራሷ ከአምፕሊፋየሩ አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀምጣ የሦስቱንም ፊት በየተራ ታነባለች። አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ስንጥር ያላት አባቷ ነው፤ አንድም ቀጭን ስለሆነች፣ አንድም የያዘችውን ነገር ስለማትለቅ። አናጺ በመሆኑ ጣት ውስጥ ከገባ ስንጥር የባሰ ግትር ነገር አያውቅም።

«ኧረ ይሄ ነገር አሪፍ ነው!» አለ ጋሼ። «ድምፁ እኮ ከየግድግዳው ነው የሚመጣው! እኔ የገዛሁት ገመድ አንድ ቀን እንዲህ አድርጎልኝ አያውቅም። ይቺ ልጅ ጉድ ናት!»

ስንጥር ልቧ ቅቤ ጠጣ።

ሁለቱን የስፒከር ገመዶች ለመሥራት ሦስት ሳምንት ፈጅቶባታል። እናቷ ነርስ ናት፤ የምትሠራበት ክሊኒክ ሲታደስ የተጣለውን የኮምፒውተር ገመድ ጠቅልላ ያመጣችላት እሷ ነበረች። እያንዳንዱ ገመድ በሆዱ ስምንት ቀጫጭን ሽቦዎች ይዟል፤ አራቱ ሙሉ ቀለም፣ አራቱ ነጭ። ስንጥር ገመዱን ሦስት ሦስት እያደረገች እንደ ሹሩባ ጎነጎነችው። ባለ ቀለሞቹን ለፖዘቲቭ፣ ነጮቹን ለኔጋቲቭ ለይታ ጫፋቸውን ላጠች፣ በሚቀልጠው ስታኞ በየደች፣ የመበየጃ ካውያውም ሁለት ጊዜ ጣቷን ጠበሳት። በመጨረሻም እንዲያምር ብላ ከዳር እስከ ዳር በጥቁር ናስትሮ ጠቀለለቻቸው። አባቷ ገና ወንደላጤ ሳለ በእጁ ከሠራቸው የስፒከር ሳጥኖች ጋር ሲታዩ የአንድ ቤት ልጆች ይመስሉ ነበር።

ይህን ሁሉ የለፋችው ግን ለገመዱ ብቻ አልነበረም። ለአምፕሊፋየሩ ነው። የድምፅ መጨመሪያው በተነካ ቁጥር ይንኮሻኮሻል፤ ስንጥር ውስጡን ከፍታ ለማጽዳት ከጓጓች ዓመት አልፏታል። ክዳኑን ግን ከአባቷ በቀር ማንም ነክቶት አያውቅም። «መጀመሪያ ገመዱን ሥሪ» ብሏት ነበር። «አንድም ስህተት ካልተገኘበት ክዳኑን የምትከፍቺው አንቺ ነሽ። እዚህ ውስጥ ያለው ኤሌክትሪክ ነው፣ የተዝረከረከ እጅ አላስገባበትም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ!» ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ የክዳኑን ብሎን የሚፈታበት ካቻቢቴ በሸሚዙ ኪስ ውስጥ ነበር። ስንጥር አስር ጊዜ ሰርቃ አይታዋለች።

«እኔ ግን የለሁም» አለች እናት ድጋሚ።

ካሴቱ የእሷ ነው። በአሥራ ስድስት ዓመቷ በትምህርት ቤቷ የመዝሙር ቡድን ፊት ቆማ ለብቻዋን ያዜመችበት። እሁድ ከሰዓት ሁልጊዜ ይከፍቱታል፤ ሁልጊዜ ታፍራለች፤ ሁልጊዜም እስከ መጨረሻው ታዳምጠዋለች።

«ድሮ እኮ ቦታዬ እዚህ ነው» አለች፣ በሁለቱ ስፒከሮች መሃል ያለውን የአበባ ማሰሮ እየጠቆመች። «አበባው ላይ ቆሜ ነው የምዘፍነው። አሁን ኮሪደር የወጣሁ ይመስላል። ጉንፋንም ሳይዘኝ አልቀረም።»

«አዲስ ገመድ ነዋ፣ እቴ!» አለ ጋሼ። «አዲስ ጫማ መጀመሪያ አይቆረቁርም? ገመድም እስኪለማመድ ነው። መቶ ሰዓት ካልዘፈነ አይፍታታም። ተጽፏል።»

«የት?»

«ተጽፏል አልኩሽ እኮ!»

ጋሼ መኪና መንዳት ያስተምራል። ለሁሉም ነገር ምክንያት አያጣም፤ ተማሪው ዛፍ ሲገጭ ዛፉ ያለቦታው እንደበቀለ ያስረዳል። አባት ስቆ ተነሣ። «እኔስ ወድጄዋለሁ። ና ይልቅ፣ ያን አንካሳ ጠረጴዛህን ከመኪናው እናውርደው።» ሁለቱ ወደ ውጭ፣ እናት ሻይ ልትጨምር ወደ ኩሽና ሄዱ።

ስንጥር ብቻዋን ቀረች። ደስታዋ ግን እንደ ቅድሙ አልሆንልሽ አላት። «ኮሪደር የወጣሁ ይመስላል።» ይህን ነገር የሆነ ቦታ ሰምታዋለች። የፊዚክስ አስተማሪያቸው ነበር ያለው፤ ሁለት ስፒከሮች አብረው መተንፈስ አለባቸው። አንዱ ወደ ውጭ ሲገፋ ሌላው ወደ ውስጥ ከሳበ ድምፁ የትም ይበተናል፣ መሃል ላይ የሚቆመው ዘፋኝም ቦታ ያጣል። ላልለመደው ሰው፣ አስተማሪው እንዳለው፣ ቤቱን የሞላው ይመስለዋል።

የሚፈተነው በትንሽ የባትሪ ድንጋይ ነው። መሳቢያውን ፈተሸች፣ የለም። ቀና ስትል የግድግዳውን ሰዓት አየች። ወንበር ላይ ወጥታ ድንጋዩን ከጀርባው አወጣች። አምፕሊፋየሩን አጠፋች፣ ገመዶቹን ከጀርባው ነቀለች፣ የስፒከሮቹን የፊት ጨርቅ አነሣች። የግራውን ገመድ ሁለት ጫፍ ድንጋዩ ላይ ስታስነካ፣ የስፒከሩ ጥቁር ክብ «ቶክ» ብሎ ወደ ውጭ ገፋ። ልክ ነው። የቀኙንም በዚያው አኳኋን አስነካች።

«ቶክ።» ወደ ውስጥ።

ሦስት ጊዜ ደገመችው፤ ድንጋዩ ሐሳቡን የሚቀይር ይመስል። ከዚያ የቀኙን ገመድ ናስትሮ ከጫፉ ላጠችው። ባለ ቀለሞቹ መሆን በነበረባቸው ቦታ ነጮቹ ተቀምጠዋል። ያን ጫፍ ስትበይድ ገመዱን ገልብጣው ነበር ማለት ነው። እንዲያምር ብላ የጠቀለለችው ናስትሮ ስህተቷንም አብሮ ጠቅልሎላታል።

«በቃ፣ አለቀልኝ» አለች።

ከደጅ የጋሼ ድምፅ ተሰማ፤ ጠረጴዛው የሚያነክሰው ወለሉ ስለተጣመመ እንደሆነ ለአባቷ እያስረዳ ነበር። ስንጥር የስፒከሩን ጀርባ አየች። ሁለቱን ጫፎች ማቀያየር ብቻ ነው። አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ደግሞም ማን ይጠይቃል? ጋሼ መልሱን አስቀድሞ ሰጥቷል። ገመዱ ተለማመደ!

ቀያየረቻቸው። የተላጠውን ጫፍ በናስትሮ መልሳ ጠቀለለች፣ ጨርቆቹን መለሰች፣ ገመዶቹን ሰካች፣ ድንጋዩን ኪሷ ከተተች። ሆድ ይፍጀው።

ሁሉም ተመልሰው ሲቀመጡ ካሴቱን ወደ ኋላ አጠንጥና ከፈተችው። መጀመሪያ ቡድኑ ዘመረ። ቀጥሎ አንዲት የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ አበባው ላይ ቆመች።

«መጣሁ!» ብላ ጮኸች እናት፣ ሰፌድ የሚያህለውን ትሪ ይዛ እንደቆመች። «እዩኝ፣ እዚያ ነኝ! ጉንፋኔም ለቀቀኝ!»

አባት ዓይኑን ገለጠ። «ወይ ጉድ!» አለ ቀስ ብሎ። «የከበሮው ድምፅም ተመለሰ እኮ።»

«አላልኳችሁም?» ጋሼ ጉልበቱን መታ። «ተለማመደ!»

«መቶ ሰዓት አላልክም እንዴ? ገና ግማሽ ሰዓት አልሆነውም።»

«ጎበዝ የሠራው ቶሎ ይለመዳል!»

አባት ካቻቢቴውን ከኪሱ አወጣ። በሸሚዙ ጫፍ ጠርጎ፣ እጀታውን ወደ እሷ አዙሮ ዘረጋላት። ለትልቅ ሰው ዕቃ እንደዚያ ነው የሚሰጠው። «ቃሌ ቃል ነው። ካሴቱ ሲያልቅ ክዳኑን ትከፍቻለሽ።»

ስንጥር ተቀበለችው። ዓመት ሙሉ የጓጓችለት ነገር እጇ ገባ፣ እሷ ግን አፈረች። አባቷን ቀና ብላ ማየት አቃታት። እሱ ደግሞ በዚያ ጊዜ ሁሉ እሷን እያየ ፈገግ ይላል።

«ስንት ሰዓት ሆነ? የነገ ልብሴን ሳልተኩስ» አለች እናት፣ ወደ ግድግዳው ዞራ። «ዘጠኝ ከሃያ። አይ፣ ሰዓቱ ቆሟል።»

«ድንጋዩ አልቆ ነው» አለ ጋሼ ወዲያው። «የዘንድሮ ድንጋይ ሙቀት አይችልም።»

ይኸውና፣ ሌላ ምክንያት፣ ያውም ሳትለምን። ዝም ብትል ጋሼ ለዕድሜ ልኳ የሚበቃ ምክንያት ያቀብላታል። ስንጥር እጇን ኪሷ ውስጥ ከተተች። ድንጋዩ ሞቋል።

«አላለቀም» አለች።

ካሴቱን አቆመችው። ካቻቢቴውን አምፕሊፋየሩ ላይ አስቀምጣ ድንጋዩን አወጣች። «እኔ ጋ ነው። ገመዱም አልተለማመደም፣ ጋሼ። የቀኙን አንድ ጫፍ ገልብጬ ነበር የበየድኩት። እናንተ ውጭ ስትሆኑ ቀየርኩት። ኑ፣ ላሳያችሁ።»

አምፕሊፋየሩን አጥፍታ ጨርቁን አነሣች። ጫፎቹን እንደ ቅድሙ ገለበጠቻቸውና ገመዱን ከአምፕሊፋየሩ ነቅላ ድንጋዩን ለአባቷ ሰጠችው። ተንበርክኮ አስነካ። «ቶክ።» ወደ ውስጥ። የግራውን አስነካ። «ቶክ።» ወደ ውጭ። ናስትሮውን ላጥ አድርጎ የተበየደውን ጫፍ በአውራ ጣቱ እየዳሰሰ ረጅም ጊዜ አየው።

«ቆይ፣ ቆይ» አለ ጋሼ። «ታዲያ እኔ ያን ሁሉ ያደነቅኩት… የተበላሸውን ነበር?»

እናት ሳቋን መያዝ አቃታት፤ ትሪውን አስቀምጣ ሆዷን ያዘች። ስንጥርም ሳትፈልግ ሳቀች።

አባት አልሳቀም። «አንድ ስህተት» አለ።

«አንድ።»

ካቻቢቴውን ከአምፕሊፋየሩ ላይ አንሥቶ ወደ ሸሚዙ ኪስ መለሰው። ስንጥር በዓይኗ ተከተለችው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ፤ ይህንንም ታውቀው ነበር። አዘነች፤ ግን አባቷን ቀና ብላ ማየት ቻለች።

«ናስትሮውን ሁሉንም ላጪው» አለ አባት። «ቀለሙ በግልጽ ይታይ። የሚመጣው እሁድ አራቱንም ጫፍ እኔና አንቺ አብረን በድንጋይ እንፈትናለን።» ከዚያ ኪሱን መታ መታ አደረገው። «ካቻቢቴው የትም አይሄድም።»

ስንጥር ሽቦዎቹን ወደ ትክክለኛ ቦታቸው መለሰች። «ሰዓቱስ? ድንጋዩን ልመልስ?»

«ተይው፣ ይቁም» አለች እናቷ፣ እግሯን መልሳ ሶፋው ላይ እየሰቀለች። «መጀመሪያ እኔን ክፈቺኝ።»

ስንጥር ካሴቱን ከፈተችውና ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ናስትሮውን ከግራው ገመድ ጫፍ ጀምራ መላጥ ያዘች። ሰማያዊው መጀመሪያ ታየ፣ ቀጥሎ ብርቱካናማው። እናቷ አበባው ላይ ቆማ ትዘፍናለች።